ስንጥቅ አይደለም

ጧት ነው፤ የመጋዙ ውሃ ወተት መስሎ ይፈሳል፣
ከዓባይ በረሃ የመጣው ድንጋይ እንደ ድፎ ይቆረሳል።
ኮምቦልቻ ሙቀቷን ገና አልጀመረችም፣
የሌሊቱ ጉም ሐረጎን አልለቀቀም።

ከሦስተኛው ብሎክ አንዱ ገበታ ሲገለጥ፣
መስመር ታየኝ፤ ነጣ ያለ፣ ቀጥ፣
ከጥፍር የማይወፍር፣ እንደ መርፌ ስፌት።
አለቃችን አራጋው ቀና ሳይል፣ «ስብራት!
ስንጥቅ ነው፣ ይጣል» አለ፤ ቀይ ቀለም ቀባበት።

ሠላሳ ዓመት ድንጋይ ሳገላብጥ ኖሬ፣
ስንጥቅ አውቃለሁ፤ ይይዘዋል ጥፍሬ፤
በመዶሻ ሲነኩት ድምፁ የሚሰበር።
እዚህ ላይ ግን ምላጩ ይንገራገር ነበር።

ጦይባ መጣች ከኢንስቲትዩቱ፣ ቦቲዋ ጭቃ እንዳለበት።
በጠርሙስ ክዳን ውሃ ቀዳች፤ ጠብ አደረገችበት።
ድንጋዩ ጠጣ። ደግማ ጠብ።
እርጥቡ ጠቆረ፣ ሰፋ፣ ተገፋ፣
መስመሩ ዘንድ ሲደርስ አቅሙ ጠፋ።
ወዲህ እርጥብ፤ ወዲያ እንደ ዱቄት ደረቅ።
«ስንጥቅ ያሾልካል፤ ይሄ ይከለክላል» አለች፣ ሳትስቅ።

«ጋሽ ይማም፣ ይሄ ባሕር ነበረ።
ከምስር የሚያንስ ዛጎል፣ ክምር በክምር ላይ፤
በየመሐሉ ቀዳዳ፣ የትንፋሽ ቦታ።
ከዚያ ምድር ተጫነችው፣ ከላይም ከጎንም።
ቀዳዳ የሌለው ቢሆን ይሰነጠቅ ነበር፤
ይሄ ግን ቦታ አለው፤ ስለዚህ ተጠጋጋ።
ቅንጣቱ ተንከባለለ፣ ዛጎሉ ደቀቀ፣
የተነካካበት ሟሟ፤
የሟሟው ኖራ ዞሮ በቀረችው ቀዳዳ ረጋ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ጠነከረ፤ ከጎረቤቱ በለጠ።
ምድር ደግማ ስትገፋ እሱን አልቻለችውም፤
አጠገቡ ያለው ላይ ወረደች። ይዩ፣
እዚህ ሁለተኛ መስመር፤ እዚያ ሌላ።»

ዝም አልኩ። ትዝ ያለኝን አልነገርኳትም።

መንገዱ የተዘጋ ጊዜ፣ ፋብሪካው ባዶውን የቀረ ጊዜ፣
ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ፣ በእህቴ አንዲት ክፍል
አስራ አንድ ሆነን ከረምን።
ጉልበት ከጉልበት፣ ክርን ከጎድን፤
አንዱ ሲገላበጥ ሁሉም ይገላበጣል።
መጀመሪያ የጠፋው በመሐላችን ያለው አየር ነበር፤
ቀጥሎ ይሉኝታ፤ ቀጥሎ የኔ የሚሉት ነገር።
እህቴና ባለቤቴ የአሥር ዓመት ኩርፊያ ነበራቸው፤
ትከሻቸው በተነካካበት ሟሟ።
አልተሰነጠቅንም።

አንድ ሌሊት በሩ ተንኳኳ።
የሕፃን ሳል ሰማሁ፤ የሴት ድምፅ፣ «ስለ አላህ» የሚል።
«ቦታ የለም» ያልኩት እኔ ነኝ።
እውነቴን ነበር። ቦታ አልነበረም።
ኮቴው ወደሚቀጥለው ግቢ ሲሄድ እስኪጠፋ አዳመጥኩት።

ጦይባ በደብተሯ ጽፋ ሄደች።
አራጋው፣ «ይጣል ብያለሁ» አለ።
ከደሞዜ አስቆርጬ ገዛሁት፤
በባጃጅ፣ በጆንያ ጠቅልዬ፣ እንደ ታማሚ ደግፌ።

ከደጃፌ ነው ያነጠፍኩት።
የጣራው ጠፈጠፍ በወዲህ በኩል ይወርዳል፤
ክረምቱን ሙሉ ግማሹ ይጠቁራል፣ ግማሹ ነጭ እንዳለ ነው።
ባለቤቴ፣ «አያምርም፣ ወይ ቀይረው ወይ አዙረው» ትለኛለች።
ይቆይ እላታለሁ።

ሰው ሲያንኳኳ የሚቆመው እሱ ላይ ነው።