የሳፋው ሐይቅ

አንድ የማካሮኒ፣ ሁለት የሳሙና
ባዶ ካርቶን ይዤ ገባሁ በማለዳ፤
ሃያ ሦስት ሕፃን አንገቱን አስግጎ፣
«ቲቸር፣ ውስጡ ማን አለ? አመጣሽ እንግዳ?»

«ማንም የለም» አልኩኝ፤ «ባዶ ቤት ነው ገና፤
ማን የት እንደሚያድር እናንተ ንገሩኝ።»
ከዚያማ ምን ልበል! ጭቃ፣ ገለባ፣ ሙጫ፣
እጅጌዬን አልማሩ፣ ፀጉሬንም አልማሩኝ።

ማካሮኒው ካርቶን ዋሻ ሆነ ለጅብ፤
አንደኛው ሳሙና ደን ለጉሬዛ፣ ለጦጣ፤
(ደኑ እስከ ዛሬ ሳሙና ሳሙና ይሸታል)
ሌላው ጉድጓድ ሆነ ለጃርት፣ ለፍልፈል፣
ለቃልአብም አንበሳ፣
ውጣ ቢባል እንኳን ከዚያ ለማይወጣ።

ሐይቅ ግን ቀረን። ሐይቅ በካርቶን አይሆን።
ሞከርነው፣ ፈሰሰ፤ ምንጣፉ ይመስክር።
እትዬ ወሪቴ የወለል ሳፋዋን፣ ጠርዙ የተሸረፈ፣
አበደረችን፤ «እስከ ዓርብ» አለች፣ «ብቻ እንዳይሰበር።»

ላሚሶ፣ አባቱ አሞራ ገደል ዓሣ ያጠምዳል፣
በነጋታው መጣ በፌስታል ቋጥሮ
ደለል ከነሽታው፣ ቄጠማ ከነሥሩ፣
ጫማው ከነካልሲው ውሃ ተነክሮ።

«አምባዛ ከሥር ነው፤ ጭቃው ላይ ይተኛል።
ቆሮሶ ከላይ ነው። ጉማሬ አይገባም፤
ሳፋው ይሰበራል።» ማን ይከራከረው?
ባለቤት ሲናገር መምህር አይገባም።

ከዚያ ጠብ ተነሣ፣ በአባ ኮዳ ምክንያት።
መጽሐፌ «ሐይቅ ዳር» ይላል፣ ባጭሩ።
ናርዶስ፣ «የመብራት ፖል ላይ ነው!»
ሌላው፣ «ውሸት! ቆሻሻ ገንዳው ጋ!»
ሃናን፣ «የኛ ጣሪያ! ሌሊት ቆርቆሮው ላይ ሲሄድ
አባዬ ሌባ ነው ብሎ ወጣ!»

ሁሉም እውነት ነው። ሐዋሳ ላይ ሁሉም እውነት ነው።

ዱሬቲ ናት፣ ወሬ የማታበዛው፣
የሹራቧን ክር እየጎተተች፣
«ቤት እየቀየረ ነው?» ያለችው።
«እኛም ሦስቴ ቀየርን።
አከራዩ ሲጨምር።»

የትምህርት ዕቅዴን ገለጥኩ። እዚያ የለም።
አባ ኮዳውን፣ ክንፉ የእንቁላል ካርቶን፣ እግሩ ስቴኪኒ፣
አንሥቼ ሰጠኋት፤ «አንቺ አስቀምጪው።»
የትም አላስቀመጠችውም።
ይዛው ዋለች።

ዓርብ ሳፋው ሊመለስ፣ ሁሉ ሊጠራረግ ነበር፤
የሚቀጥለው ሳምንት ርዕስ «መጓጓዣ» ነው፣
ዳይሬክተሩ ሁለት ጊዜ አስታውሶኛል።
ዘነበ። ረሳሁት።
ሳፋው በረንዳ ላይ አደረ
ከነደለሉ፣ ከነቄጠማው፣
ቅዳሜን ብቻውን፣ እሑድን ብቻውን።

ሰኞ፣ ከቄጠማው ሥር፣
ማንም ያልጠፈጠፈው፣ ማንም ቀለም ያልቀባው

ጉርጥ።

ከነኪንታሮቱ። ጉሮሮው ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ።
እንደ ባለርስት ተዘርፍጦ።

እኔ፣ እውነቱን ልናገር፣ ጉርጥ እፈራለሁ፤
አዳማ፣ ልጅ ሳለሁ፣ ታላቅ እህቴ
ደብተር መያዣዬ ውስጥ ከትታብኝ ታውቃለች።
ወደ ኋላ አፈገፈግኩ። ጮኼም ይሆናል።
ልጆቹ ግን ዝም።
በ«ዝም በሉ»ም፣ በጭብጨባም፣ በከረሜላም
ዓመቱን ሙሉ ያላገኘሁት ዝምታ።

ላሚሶ ብቻ ቀስ ብሎ፣
«ይሄን እኛ አልሠራነውም።
ራሱ ነው የመጣው።»

ቃልአብ እጁን ሲዘረጋ ዱሬቲ ያዘችው።
ተንበረከከች፣ አባ ኮዳውን ብብቷ ሥር እንደያዘች፣
በጣቷ አንጓ የሳፋውን ጠርዝ
ሁለት ጊዜ
አንኳኳች።

ይሄኔ እትዬ ወሪቴ ብቅ አለች፣ መወልወያዋን ይዛ፤
«ሳፋዬስ? ዓርብ አላልኳችሁም?»

ሃያ ሦስት ጣት ከከንፈር ላይ ወጣ፦
«ሽሽሽ!
ሰው አለ።»