ሙላትና ጉድለት

ከማቀዝቀዣው ጎን የባሕሩ ሰሌዳ ተሰቅሏል፤
የዛጎል ለቃሚዎች ማኅበር በየዓመቱ ያድለናል።
መቼ እንደሚሞላ፣ መቼ እንደሚጎድል፣
ሰዓቱ ከነደቂቃው ተጽፏል።
ኖቬምበር አሥራ ሁለት፦
ውሃው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከአርባ ይሸሻል፤
ጨረቃ አትዋሽም፣ ባሕሩም ቃሉን ይጠብቃል።
በፖንቴቬድራ ሆስፒታል ያለው ዶክተር ሴይሻስ ግን
ሰሌዳ የለውም።
መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገው፣ መልሶ አጠለቀው፤
«ምናልባት» አለኝ።

የወር አበባዬ ከተለየኝ ስድስት ዓመት ሆኖት ነበር፤
በደህና ተሰነባብተን።
አንድ ማለዳ ከአሸዋው ተመልሼ
ቦቲዬን ሳወልቅ አየሁት፤
አንድ ጠብታ፣ ሳንቲም የምታህል።
«እንግዳ ነው» አልኩ፣ «ሲመሽ ይሄዳል።»
እንግዳ ግን ሲሰነብት ባለቤት ይሆናል።

ወሰዱት።
ኡሺያ ዘጠኝ ወር የከረመችበትን ቤት፣
ሁለቱ ስም ሳያገኙ የወጡበትን፣
ደጁን ከነጓዳው ነቅለው፣ ቁጥር ለጥፈው
ወደ ላቦራቶሪ ላኩት።
ሆዴ ላይ አራት ትናንሽ ቀዳዳዎች ቀሩ፤
አንዷ እምብርቴ ውስጥ ተሸሽጋለች፣
እናቴ ከተለየችኝ ቋጠሮ አጠገብ።
ስፌቱ ጠበቀ።
እኔም ጠበቅሁ።

ሰው ደግ ነው፤ ደግነቱ ግን ያደክማል።
«ወጣልሽ፣ አለቀ!» ይላል ዳቦ ሻጩ።
«በዚህ ዕድሜሽ አትወልጂበት!» ትላለች የባሌ እኅት።
ኡሺያ ከቢልባኦ ደውላ
«ፐርሰንቱ ስንት ነው?» ትላለች፤
ኢንጂነር ናት፣ ቁጥር ስትጨብጥ ትረጋጋለች።
«ሰማንያ ሦስት» አልኳት።
ከሰማንያ ሦስቱ ነኝ ወይስ ከአሥራ ሰባቱ፣
ይህን የሚነግር ቁጥር ግን የለም።

ሹልዮ ማታ ማታ ሾርባ ያሞቃል።
መብራት ሲጠፋ እጁ ይመጣና
ወገቤ ጋ ሲደርስ ይቆማል፣
ጥልቀቱን እንዳልለካ ጀልባ።
«ያምሻል?»
«አያመኝም።»
ባዶ ነው ወይ ብሎ አይጠይቀኝም፤
ባዶው በምናልባት እንደተሞላ
እኔም አልነግረውም።

ውሃ ሲሄድ ያስታውቃል፣ ሲመለስም ይሰማል፤
ውስጤ የነበረው ግን
ሄዶ ይሁን ተኝቶ ማን ያውቃል?

በስምንተኛው ሳምንት ወደ አሸዋው ወረድኩ፤
«ከባድ አታንሺ» ተብያለሁ።
ኦቲልያ ምንም ሳትል ባልዲዬን ነጠቀችኝ።
ሃያ ዓመት ሙሉ ለአንድ ጥግ የተጣላን ሴቶች ነን፤
ያን ዕለት ጥጉን ተወችልኝ።
አልወደድኩላትም።
«ምነው? እስክሞት ልትጠብቂኝ ነው?» አልኳት።
ሳቀች። ከዚያ ሰደበችኝ።
ያኔ ቀለለኝ።

እያንዳንዱን ዛጎል በመለኪያዋ ቀዳዳ እናሳልፋለን፤
ካለፈ ገና ትንሽ ነው፣ ወደ አሸዋው ይመለሳል፣
ካላለፈ ወደ ባልዲ።
የእኔንም ዕጢ ለክተውታል፦ ሁለት ሴንቲ ተኩል።
አንዲቱን ንፍፊት ግን «አጠራጣሪ» ብለው ጻፉ፤
እሷን የሚለካ ቀዳዳ ጠፋ።
አንድ ጥፍር የማያህል ዛጎል ጣልኩና
ቆሜ አየሁት።
ጥቂት ዝም አለ፣
ከዚያ ምላሱን አውጥቶ አሸዋውን ቆፍሮ ገባ፣
ነገ ማን እንደሚመጣበት ሳይጠይቅ።
እኔ ዛጎል አይደለሁም፤ እጠይቃለሁ።
ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት ጣሪያውን እጠይቃለሁ።

«ከሦስት ወር በኋላ ነይ» ብለውኛል።
ሰሌዳው ፊት ቆሜ
ፌብሩዋሪ አሥራ ዘጠኝን በጣቴ ፈለግሁ፦
ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሃያ፣
የወሩ ትልቁ ጉድለት፣
ባሕሩ ደብቆት የከረመው አሸዋ የሚገለጥበት ቀን፣
ኦቲልያ ብቻዋን ልታፍሰው!
ተናደድኩ። ከስንት ጊዜ በኋላ በሌላ ነገር ተናደድኩ።
ደውዬ «ከሰዓት በኋላ አድርጉልኝ» አልኩ።
«ምክንያቱ?» አለች ስልክ ያነሳችው ልጅ።
«ሥራ አለብኝ።»

ከቁጥሩ ጎን ቀጠሮዬን ጻፍኩት፤
በእርሳስ፣
ላጲሱንም ከሰሌዳው በላይ ካለው ሚስማር ላይ
በክር አንጠለጠልኩት።