ዘጠነኛው ጉድጓድ

ከፋብሪካው ኋላ፣ ደንገሉ ሲያበቃ፣
ሜዳ አለን ጎርባጣ፣ ጠጠርና ጭቃ።
ጎልፍ ነው የምንጫወት፤ የሰማ ይስቃል፣
«ከፋዩ ማነው?» ሲል ደግሞ ይጠይቃል።

ማንም። ጋሽ ሙጬ አለ፣ ጡረተኛ ሸማኔ፣
ነርሷ ይርገዱ አለች፣ ባጃጅ ነጂው እኔ።
ቅዳሜ ማለዳ ማጭዱን ስለነው፣
እምቦጩን ከዳር ላይ ጎትተን ጥለነው፣
አሸዋውን በጋራዥ ዘይት አሽተነው፣
«አረንጓዴ» እንላለን፣ ከሰል አስመስለነው።
ጉድጓዱ የቲማቲም ጣሳ ነው የዛገ፣
ባንዲራው ማዳበሪያ፣ ሸምበቆ ላይ ያረገ።

ጉማሬ ሌሊቱን ግጦብን ሲሄድ፣
ኮቴው ኩሬ ይሆናል በኳሳችን መንገድ።
ሕጉ አጭር ነው፦
ኮቴ ውስጥ የገባ ያለ ቅጣት ይውጣ፤
ጣና የገባ ግን… ተወው፣ አይመጣ።
የተሸነፈ ሰው፣ የሚቀጥለው ሳምንት፣
ዘጠነኛውን ያጭዳል። እኔ ነኝ ሁለት ዓመት።
ጠጠሩን በጉልበቴ፣ ቁልቁለቱን በእጄ፣
የጉንዳን ቤት ሳይቀር አወቅሁት አጭጄ።

የዛሬ ሳምንት ግን፣ ድንጋይ ላይ ነጥራ፣
«ቋ!» አለች ጣሳው ውስጥ ኳሴ ተወርውራ።
አሸነፍሁ። ይርገዱ ሳቀች እስኪያማት።
ጋሽ ሙጬ ምቶቹን ቆጠረ በጣት፣
ደግሞ ቆጠረ።

ዛሬ ንጋት ላይ፣ ልማድ ካልጋ አንስቶኝ፣
ማጭዴን ይዤ ብሄድ፣ ጋሽ ሙጬ ቀድሞኝ፣
በሰባ ሁለት ዓመቱ ሣር ላይ ተንበርክኮ፣
«ሂድ ንዳ ባጃጅህን! ተራዬ ነው እኮ!»

ሄድሁ። ዞሬ ሳየው፣ ማጭዱ ሲመለስ፣
የጉንዳኑን ቤት ጋ ዞሮት አለፈ፣ ቀስ።