የሹሼፕ ምድጃ

ላብራዶር፣ መጋቢት፤ ወንዙ ድንጋይ ሆኖ፣
ጥዱ ቆሞ አንቀላፍቷል፣ በበረዶ ተከድኖ።
አጎቴ ሹሼፕ ከበረዶ ጋሪው ምድጃውን አወረደው፤
ከናፍጣ በርሜል ቆርጦ፣ በገዛ እጁ የወለደው።

«እርጥብ ግንድ ቁረጪ» አለኝ፣ «እንደ ጭንሽ የወፈረ፤
ደረቁ ለሆዱ ይሁን፤
ከእግሩ ሥር የተነጠፈ ደረቅ፣ ስንቱን አመድ አድርጎ አስቀረ።»
ሁለቱን ግንድ አጋደምኩ፣ በረዶው ላይ እንደ ጉልቻ፤
ተቀመጠባቸው እንደ ሹም፣ ፊቱን ወደ በሩ ብቻ።
ጭስ ማውጫው በጨርቁ ሲያልፍ፣ በቆርቆሮ ቀለበት ታጥሮ፣
ሹሼፕ በጣቱ ዳሰሰው፣ እንደ ሐኪም ዙሪያውን ዞሮ።

«ይቺን ክፍተት እንዳትደፍኚ» አለ፤ ከበሩ ግርጌ፣ የመዳፍ ያህል።
«ብርድ ታስገባለች።»
«ታስግባ! ብርድ ሲገባ ይሰማል፤
የማይሰማው ነው የሚገድል።»

እኔ ግን ብርዱ ሲነክሰኝ፣ እሱ እስኪያንኮራፋ ጠብቄ፣
በረዶ በጓንቴ ዝቄ፣
ያቺን ክፍተት ደፈንኳት።
የምድጃውንም ጉሮሮ፣ ፍሙ እንዲያድርልኝ ብዬ፣
በቁልፉ ጠምዝዤ አነቅኳት።

እንዴት ሞቀ! እንዴት ጣፈጠ!
እንቅልፍ እንደ ማር ወረደ፣ ግንባሬ ላይ ቀለጠ።
ሽታ የለው፣ መልክ የለው፣ ኮቴ የለው ሌባ፣
በር በዘጋሁበት ቤት፣ በራሴ ግብዣ ገባ።

ከዚያ የማስታውሰው፦
ጨርቅ ሲቀደድ፤
ሰማይ፣ በላዩም የሚፈስ አረንጓዴ ብርሃን፤
ጉንጬ ላይ በረዶ፤ የራሴ ትውከት፤
የሹሼፕ እጅ፣ አንገትጌዬ ላይ እንደ መንጠቆ የቀረች፤
እሱም ተንበርክኮ፣ በካልሲ፣ እንደ ዓሣ አየር ሲጎርስ።

አልተቆጣም።
ሲነጋ መርፌ ሰጠኝና «ስፊው» አለኝ፤ ሰፋሁት፤
ከግርጌው ግን የመዳፍ ያህል፣ ሳልሰፋ ተውኩት።

በሰኔ ደግሞ ከሐይቁ ዳር፣ ሻይ አፍልተን ስንነሣ፣
ሙሉ ማንቆርቆሪያ ደፋሁበት፤ ጭሱም ቆመ፣ ፍሙም ከሳ።
«ሞቷል» አልኩ።
ሹሼፕ እጅጌውን ሰበሰበ፣ አመዱ ውስጥ እጁን ከተተ፣
እስከ አንጓው። ፊቱ ጠቆረ።
«ማነው እዚህ የሞተ?»

ያን ዕለት ነገረኝ፣ ሳላስበው፣ ጓዙ ላይ ተቀምጦ፦
«በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ፣ እንዲሁ ጥዬው ሄድኩ፤
ሽበቱን አይቼ ሸመገለ አልኩ።
እሱ ግን ከሽበቱ ሥር፣ በደረቀው የረግረግ አፈር፣
ስድስት ቀን በሆዱ ተሳበ፣ ጭስ ሳያሳይ፣ ሳይናገር፤
በሰባተኛው ከማዶ ጉብታ፣ ራሱን ቀና አደረገ፤
የአባቴን የወጥመድ መንገድ፣ የአጋዘኑን ግጦሽ፣
ኮረብታውን ሙሉ ፈጀ።
አባቴ ማን እንዳነደደው ሳያውቅ ሞተ።»

ከዚያ ወዲህ ውሃ፤ ቁፋሮ፤ ማማሰል፤
እንደገና ውሃ፤ እንደገና እጅ፤
ጭቃው እንደ ወንዝ ድንጋይ እስኪበርድ።

አሁን ምድጃው የእኔ ነው። ሹሼፕ ካረፈ ሦስት ዓመቱ።
ጎኑ ዝጓል፤ በሩ ይንቋቋል፤ ላልቷል አንዱ ማጠፊያ ብረቱ።
የእህቴ ልጅ ፒናሹዌ ጓዙን ጭኖ ቆሟል፤
«አክስቴ፣ አመድ ልታገቢ ነው?» ብሎ ይስቃል።
ይሳቅ።
እጄን እስከ አንጓዬ ከትቼ፣ ዝም ብዬ እቆያለሁ።
ቀዝቃዛ። ቀዝቃዛ።
ከታች ግን፣ ከአንዲት ሥር ጫፍ ላይ፣ ለብ ያለ ነገር አለ፤
ወይም የራሴ ደም ይሆናል።

«ውሃ አምጣ» እለዋለሁ።