ባዶ ነው የተባለው

ሠራተኛ ሰፈር፣ ከአንጥረኞቹ ጀርባ፣
ቁልቁል ከሚወርደው ጠባብ መንገድ ገባ
ብሎ የቆመ ቤት፤
በሩ የማይገጥም፣ ጣራው የጎበጠ፣
እዚያ ነው አባቴ ኖሮ ያመለጠ።

ፈቃድ ያለው ምንሽር፣ አቧራ የለበሰ፣
ከሶፋው በላይ ላይ፣ ሰደፉ ያረሰ
የግድግዳውን ኖራ፤
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በምስማር ተሰቅሎ፣
ማንም የማይነካው፣ “ባዶ ነው” ተብሎ።

ከሥሩ ሽማግሌ ስለኔ መከሩ፣
ከሥሩ ልጆቼ ማባዛት ተማሩ፣
ከሥሩ አክስቴ፣ ከነነጠላዋ፣
አፏን ከፍታ ነበር የከሰዓት እንቅልፏ።

ቤቱ ሊፈርስ ነው። ዕቃ ስንካፈል
ወንድሜ ፍሪጁን፣ እህቴ ቁም ሣጥን፣
እኔ ጠመንጃውን።

“ሒሳብ ሠራተኛ ነሽ?” አለኝ ጸሐፊው፣
ፈቃዱን በስሜ አዙሮ ሲጽፈው።
“ነኝ” አልኩት። “ይሄንንስ ታውቂዋለሽ?” አለ፤
“አላውቅም” ማለቱ ጉሮሮዬ ላይ ዋለ።

ሃምሳ አለቃ ጓንጉል፣ የጦር ግምጃ ቤት ጡረተኛ፣
ዛሬ በራስ መኮንን ድልድይ ሰዓት ጠጋኝ፣ የዕድር ዳኛ፣
ሰኞ ማታ መጡ፣ መነጽር አንጠልጥለው፣
ዘይትና ጨርቅ በፌስታል ጠቅልለው።

መጀመሪያ ያሉኝ፦ “ልጆቹን አስወጪ።
ጥይት ካለሽ ደግሞ ሌላ ክፍል አስቀምጪ።
ጠረጴዛው ይጠረግ። ስልክሽም ይጥፋ፤
ጠመንጃ ፊት ወሬ ስንት ቤት አጠፋ።

አፈሙዙስ” አሉ፣ “ወዴት ነው የሚያየው?”
“ወደ ግድግዳው” አልኩ። “ከጭቃው ወዲያ ማነው?”
ከጭቃው ወዲያማ እትዬ ዘነቡ ተኝታለች፤ ሳሏ እኛ ቤት ይሰማል።
በክፍቱ በር ወደ ጓሮው አፈር ዝቅ አድርጌ አዞርኩት። “ይሻላል።

ጣትሽ ምላጩን አይንካ፤ እንዳልተጠራ እንግዳ
ቀጥ ብሎ ውጪ ይቁም፤ አይግባብሽ ጓዳ።”

“ባዶ ነው እኮ” አልኳቸው። “ማን ነገረሽ?” “አባቴ።”
“ለሳቸውስ ማን ነገራቸው?” ዝም አለ አንደበቴ።
“ባዶ መሣሪያ ሁለት ሰው ያስፈራል ይላሉ፤
ሦስተኛው እኔ ነኝ። ክፈቺው” አሉ።

መቀርቀሪያው ዝጓል። እምቢ አለኝ። ገፋሁት። ሳብኩት።
ቋ!
አንድ ነገር ወጥቶ ሲሚንቶ ላይ ወረደ፣
ቢጫ፣ የልጅ ጣት የሚያህል፣ ተንከባሎ ሄደ፣
ከሶፋው ሥር ገባ።

ከላይ፣ ከመንገዱ፣ ረዳት ይጮኻል፦ “ሜክሲኮ! ሜክሲኮ! አንድ ሰው!”
ሃምሳ አለቃ ተንበርክከው በባትሪ ፈለጉት።
ሲነሡ አየሁ፤
የሰዓት ጥርስ የሚለቅም እጅ ተንቀጠቀጠ።

አሥራ አንድ ዓመት። ሽማግሌ። ማባዛት። የአክስቴ እንቅልፍ።
ደመርኩት፤ ሥራዬ ነው።
ድምሩ አንድ ጥይት።

“ድገሚ። በዓይንሽ ብቻ አይደለም፤ ዓይን ይዋሻል በምሽት፤
በትንሿ ጣትሽ ዳሰሺ፣ እስከ ጥይቱ ቤት።”
ዳሰስኩ። ብረት። ቅዝቃዜ። ሌላ ምንም የለበት።

ዘንጉ የወጣው ከዚያ በኋላ ነው። መቀርቀሪያውን ነቅለው
“ከኋላ ወደ ፊት” አሉኝ፣ “ጥይት በሚሄድበት ላኪው።”
የመጀመሪያው ጨርቅ ጥላሸት ሆኖ ወጣ፣
ሁለተኛው ቡላ፣ ሦስተኛው ገረጣ፣
አራተኛው ላይ ሰለቸኝ። እሳቸው አልሰለቻቸው፤
ሰባት ጨርቅ ቆጠርኩ፣ ሰባተኛው ነው ያስደሰታቸው።
“ዘይቱን ቀንሺ! ሰላጣ አይደለም፣ ጠብታ ይበቃዋል፤
ዘይት የበዛበት ብረት አቧራ ይጠራል።”

ከኋላው በኩል አየሁ፤ በጠባቡ ቀዳዳ
የጓሮው አምፖል ብርሃን፣ እየተጠማዘዘ፣ እንደ ደረጃ ሲወጣ።

ጥይቱን በማግሥቱ ጣቢያ አስረከብኩ፤ ፈረምኩ።
ምንሽሩ ከነቁልፉ ሣጥን ገባ። ምስማሩን ግን ተውኩ፤
ከግድግዳው ጋር ይፍረስ።

ትናንት ያፌት፣ ትንሹ ልጄ፣ ሣጥኑን እያየ፣
“እማ፣ ባዶ ነው?” አለኝ።
ማታ አይቼዋለሁ። ጠዋትም አይቼዋለሁ።
“አላውቅም” አልኩት። “ቆይ፣ ልየው።”