ቋጠሮ

ጉሙ ከጣርማ በር ወርዶ ደብረ ሲና፣
ግቢያችን ገብቷል፣ አጥር አያውቅምና።
ባትሪ በጥርሴ ይዤ፣ ከመሪዋ ግርጌ፣
አይጥ የበላውን ሽቦ ልለውጥ ፈልጌ፣
ናስትሮውን ስልጠው፣ ያባቴን ጥቅልል፣
ሁሉ ጥቁር ሆነ፤ ሁሉ አንድ ይመስላል።

ቀይና አረንጓዴ አይለይም ዐይኑ
(መንጃ ፈቃድ ሰጪው አልነቃም በዘመኑ)።
ስለዚህ ቋጠረ፦ አንዱ ለፍሬቻ፣
ሁለቱ ለፓውዛ፣ ሦስቱ ለክላክስ ብቻ።
በጣቴ ቆጠርኩት እንደ መቁጠሪያ፣
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ አላሻኝ መምሪያ።

ሰባት ያሰረበት ግን አንድ ሽቦ አለ፣
ከፊውዝ ሳጥን ወጥቶ የትም ያልዋለ፣
ጫፉ በፕላስተር የተጠቀለለ።

ቋጠሮውን ቀድቼ አዲሱን ዘረጋሁ፣
ማሳውን ከቦዲው፣ ዝገት ፍቄ፣ አሰርሁ፣
ፓውዛዋን ላበራ ማብሪያውን ጫን አልሁ፤
ዐይኗ ሳይበራልኝ ፔጆዋ ጮኸች!
ሦስቱን ከሁለቱ ጣቴ አምታትታለች።

እናቴ ወጣች ጋቢ ትከሻዋ ላይ ጥላ፣
ወደ ትልቁ በር፣ ቁልፍ አንጠልጥላ፤
መቀርቀሪያ ሳበች፣
ሁለቱን ከፈተች፣
ድንጋይ አስደገፈች፣
ከዚያ እኔን አየች።

«ሰባቱስ?» አልኳት፣ በሩን መልሰን ስንዘጋ።
«ረሳው እኮ! ስንቱን ሌት ሲፈልገው ነጋ።»

ጫፉን አዲስ ናስትሮ አልብሼ ተውኩት።