ሃያ ሦስተኛው ረድፍ

ሐሙስ ከምሳ በኋላ ዲኑ አስጠራን፤
ቆርቆሮው ሲንጣጣ፣ አስፋልቱ ሲለሰልስ፣ አምስት ሆነን ደረስን።
ሁለተኛ ዲግሪያችንን የምንማር ነን፤
ሦስታችን ድሮም የጠመኔ አቧራ የዋጥን።
"እንግዲህ አማካሪ ናችሁ" ብሎ ውሃ አስቀረበ፤
የማይዞረውን ቬንትሌተር ቀና ብሎ ታዘበ።
"ለልምምድ የምንልካቸው ዕጩ መምህራን፣
ምን ድጋፍ ይሻሉ? በአንድ ገጽ ጻፉልን።"
አንድ ሲል ጣቱን አንድ ብቻ አቆመ፤
ስልኩ ጮኸና ወጣ፣ በረንዳ ላይ ስለ ሲሚንቶ ዋጋ እየረገመ።

ጻፍን።
ሙሂዲን "ትራንስፖርት" አለ፤ ጻፍን።
ኢፍቱ "ጠመኔ፣ የመምህሩ መምሪያ፣ አበል" አለች፤ ጻፍን።
ደረበ፣ ቃል የሚወደው፣ "ቅንጅታዊ አሠራር" አለ፤
ምን ማለት እንደሆነ ማንም አልጠየቀው፤ እሱንም ጻፍን።
እኔ የእስክሪብቶ ክዳን እያኘክሁ
ማክሰኞ ላይ ነበርሁ።

ማክሰኞ፣ መልካ ጀብዱ፣ ስድስተኛ "ለ"።
መስታወት በሌለው መስኮት አሸዋ ይገባል፣ ማን ሊከለክለው አለ።
ሂቦ ታስተምራለች።
ከግቢያችን እስከዚያ ሁለት ባጃጅ ነው፤
አንዱን ተሳፍራ ሌላውን በእግሯ ሄደችው፤
የተረፋትን ሳንቲም ሳምቡሳ አደረገችው።
ሰባ አራት ልጅ፤ በአንድ ወንበር ሦስት፣ ሲጠብ አራት፤
እኔ ከኋላ፣ ጉልበቴ ላይ ቅጽ፣ ሃያ ሁለት መስፈርት፦
የድምፅ ከፍታ። የሰሌዳ አጠቃቀም። አለባበስ። ሰዓት።
ከአንድ እስከ አምስት።

ትምህርቱ ክፍልፋይ ነው። "ሲሶ ከሩብ ይበልጣል" ትላለች፤
ጥግ ያለች አንዲት ልጅ ግንባሯን ቋጠረች።
እንዴት ይሆናል? አራት ከሦስት አይበልጥም?
ሂቦ ጠመኔውን አስቀመጠች፣ አልተቆጣችም፤
በወንበሮቹ መሃል እየተሹለከለከች ሄዳ
በሶማልኛ ጠየቀቻት፤ ልጅቷም ተፍታታ
በሶማልኛ መለሰች።
ከቦርሳዋ ያችን ሳምቡሳ አወጣች።
"ለሦስት ብንካፈላት? ለአራትስ ብንካፈል?
የማን እጅ ላይ ብዙ ይደርሳል?"
"ለሦስት! ለሦስት!" ክፍሉ ተናጋ።
ሳምቡሳዋ እዚያው አለቀች።

ቅጹን ከላይ እስከ ታች ፈለግሁ።
ስለ መውረድ ረድፍ የለም። ስለ ቋንቋ የለም። ስለ ምሳ የለም።
ዘጠነኛው "ከዕቅዱ አለመውጣት" ይላል፤
በደንቡ ከሄድን ሁለት ይገባታል።
ሁለት ጻፍሁ። ሰረዝሁ። ልቀደው አልችልም፣ ማኅተም አለበት።

ደወል ተደውሎ ኒሙ ጥላ ሥር ቆምን።
"ለማረም ነው የመጣሽው ወይስ ለማየት?"
ዝም አልሁ።
"የክፍሉ መምህር ቁልፉን ሰጥቶኝ ከጠፋ ሦስት ሳምንቱ፤
ዛሬ አንቺ መጣሽ፣ ከነቅጽሽ።
እናንተ እንደ ደቻቱ ናችሁ" አለች፣ ሳትቆጣ፤
"ዓመቱን አሸዋ፤ አንድ ማታ ብቻ ደራሽ ሆኖ የሚመጣ።"

ገጹ ሞልቷል። ከግርጌ አንድ መስመር ቀርታለች።
ጻፍሁባት፦ "ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ
ከኋላ ወንበር የሚቀመጥ ሰው፤ ቅጽ ያልያዘ።"
ደረበ "ይሄ የበጀት ኮድ የለውም" አለኝ።
ኢፍቱ ወረቀቱን ወደ እኔ መልሳ ገፋችው፤
"አድምቀሽ ጻፊው።"
ዲኑ ገባ፣ ላቡን ጠረገ፣ አነበበ፤
"ጥሩ ነው። የመጨረሻዋ ቅንጅታዊ አሠራር ውስጥ ትካተታለች።"

በማግስቱ ማክሰኞ ሁለቱንም ባጃጅ ከፈልሁ።
ቅጹን ረሳሁት ብዬ ነው የማወራው።
ወንበሩ አጭር ነው፤ ጉልበቴ አገጬ ሥር ደረሰ።
ያቺ የጥጓ ልጅ ዞራ ከላይ እስከ ታች አየችኝና
"አንቺ ስንተኛ ክፍል ነሽ?" አለችኝ።
በጣቴ መቁጠር ጀመርሁ፤
ሂቦ "ጸጥታ!" አለች፣ ወደ እኛ እያየች።